የሞተር ሳይክል የመቀመጫ መቆለፊያ

የሞተር ሳይክል የመቀመጫ መቆለፊያ የሞተር ሳይክልን መቀመጫ ከሻንሲው ጋር አያይዞ የሚይዝና በቁልፍ የሚከፈት ሜካኒካዊ መሣሪያ ነው። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ባትሪው፣ ፊውዞቹና የመፍቻ ቦርሳው ከመቀመጫው ሥር ይገኛሉ፤ በብዙ ስኩተሮች ደግሞ የነዳጅ መሙያው ክዳን ጭምር እዚያው ነው። በዚህ ምክንያት መቆለፊያው ሲጣበቅ ባትሪ መሙላት፣ የተቃጠለ ፊውዝ መቀየር ወይም ነዳጅ መቅዳት ያስቸግራል። ለመክፈት የሚያስፈልገው መፍቻም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያው ከመቀመጫው ሥር ነው።

የመቆለፊያ መጣበቅ በአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ላይ የተለመደ ብልሽት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሲሊንደሩ መበላሸት ሳይሆን መንጠቆው ላይ ያረፈ ጫና፣ የተጠራቀመ ቆሻሻ፣ የደረቀ ግራሶ ወይም የላላ ገመድ ነው። ቁልፉን በኃይል ማዞር ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም፤ በቀላሉ የሚስተካከለውን ብልሽት ወደ ተሰበረ ቁልፍ ሊለውጠው ግን ይችላል።

አገልግሎት

መቆለፊያው መቀመጫው በጉዞ ላይ እንዳይነቃነቅና እንዳይነሳ ይይዛል፤ ከሥሩ ያሉትን ባትሪና መሣሪያዎችም ከስርቆት ይጠብቃል። በአንዳንድ ሞዴሎች ከመቀመጫው ጠርዝ ሥር ትንሽ ማንጠልጠያ አለ። የሄልሜቱ ማሰሪያ ቀለበት እዚያ ላይ ገብቶ መቀመጫው ሲዘጋ ሄልሜቱም አብሮ ይቆለፋል።

በጥንት ሞዴሎች ለሞተር ማስነሻና ለመቀመጫ የተለያዩ ቁልፎች ይሰጡ ነበር። በኋላ በወጡ ብዙ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ግን አንዱ ቁልፍ ሞተሩን ያስነሳል፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን (ሰልባቲዮውን) ክዳን ይከፍታል፣ መቀመጫውንም ይከፍታል። ይህ ለባለቤቱ ምቹ ቢሆንም አደጋም አለው፦ ቁልፉ መቀመጫው ላይ ከተሰበረና መለዋወጫ ከሌለ ሞተሩን ማስነሳትም አይቻልም።

ዓይነቶች

የመቀመጫ አከፋፈት በሦስት ሊከፈል ይችላል።

በጎን የሚከፈት፦ መቀመጫው በአንድ ጎኑ በማጠፊያ ይያዛል፤ መንጠቆው በሌላው ጎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ሲቢ750 እና በዚያው ዘመን የወጡት የቢኤምደብሊው አር 50/5፣ አር 60/5 እና አር 75/5 ሞዴሎች የዚህ ምሳሌ ናቸው።

ከኋላ ወደ ላይ የሚነሳ፦ ማጠፊያው ከፊት ነው። ስኩተሮችና አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ይህን ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሆንዳ ሱፐር ካብ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ ነዳጅ ለመቅዳት መቀመጫው መነሳት አለበት። ቬስፓም እንዲሁ ነው።

ሙሉ በሙሉ የሚነሳ፦ ማጠፊያ የለውም። የመቀመጫው የፊት ምላስ ከሻንሲው ማቀፊያ ሥር ይገባል፤ የኋላው ክፍል ደግሞ በመንጠቆ ይያዛል። ሲከፈት መቀመጫው ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል።

ከእነዚህ ሌላ መቆለፊያ ሳይኖራቸው በቡሎን ብቻ የሚታሰሩ መቀመጫዎችም አሉ።

ክፍሎችና አሠራር

የመቀመጫ መቆለፊያ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነሱም ሲሊንደሩ፣ ማስተላለፊያው፣ መንጠቆው እና መያዣው ናቸው።

ሲሊንደሩ ቁልፍ የሚገባበት ክፍል ነው። በሞተር ሳይክሎች ላይ የተለመደው ዓይነት በውስጡ ስስ የናስ ቅጠሎች የተደረደሩበት ነው። እያንዳንዱ ቅጠል በትንሽ ሞላ ይገፋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ ውስጠኛው እምብርት ይሰበሰባሉ፤ እምብርቱም መዞር ይችላል። አንድ ቅጠል እንኳ ወጣ ብሎ ከቀረ በውጭኛው ቤት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ መዞሩን ይከለክላል። የውጭው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው። ዚንክ በእርጥበት ሲጎዳ እንደ ብረት ቀይ ዝገት ሳይሆን ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ይህ ዱቄትም እምብርቱንና ቅጠሎቹን ያጣብቃል።

ማስተላለፊያው የቁልፉን መዞር ወደ መንጠቆው የሚያደርስ ክፍል ነው። በቀላሉ ዓይነት ከሲሊንደሩ ጀርባ ያለች አጭር ምላስ መንጠቆውን በቀጥታ ትገፋለች። ሲሊንደሩ ከመንጠቆው ርቆ በጎን ክዳን ወይም በኋላ መብራት አካባቢ ሲሆን ደግሞ በመካከላቸው ገመድ ይኖራል። ይህ በሽፋን ውስጥ የሚንሸራተት የብረት ገመድ ነው፤ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመዶችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። በፈልሳፊው ኧርነስት ቦውደን ስም የቦውደን ገመድ ይባላል፤ ቦውደን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው።

መንጠቆው በሞላ የሚገፋ የብረት ጥርስ ነው። መያዣው ደግሞ ከመቀመጫው ግርጌ የተበየደ ቀለበት ወይም ዘንግ ነው። መቀመጫው ወደ ታች ሲጫን መያዣው መንጠቆውን ገፍቶ ያልፋል፤ ከዚያም ሞላው መንጠቆውን መልሶ ያስገባዋል። ስለዚህ ለመዝጋት ቁልፍ አያስፈልግም። ለመክፈት ግን መንጠቆው ከመያዣው ሥር ተንሸራትቶ መውጣት አለበት። መቀመጫው ወደ ላይ እየገፋ ከሆነ መንጠቆውና መያዣው እርስ በርስ ይነክሳሉ፤ በዚህ ጊዜ ለመንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል።

የመጣበቅ ምክንያቶች

ጫና፦ ከመቀመጫው ሥር የታጨቀ የዝናብ ልብስ ወይም ያበጠ የመፍቻ ቦርሳ መቀመጫውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የጠነከሩ ወይም በወፍራም የተተኩ የጎማ ማረፊያዎችም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። ከኋላ የታሰረ ዕቃም መቀመጫውን ወደ አንድ ጎን ሊስበው ይችላል።

አቧራና ውሃ፦ የቁልፍ ቀዳዳው ወደ ውጭ ስለሚከፈት አቧራ ይገባበታል። አቧራው ከአሮጌ ዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ጭቃ ይሆናል። በጠጠርና በአፈር መንገድ የሚሠሩ ሞተር ሳይክሎች ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣሉ። በላቫጆ ቤት በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃም ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ግራሶውንም አጥቦ ያወጣዋል።

የገመድ መላላት፦ ገመዱ ከዘመን ብዛት ይረዝማል፣ ሽፋኑ ከመያዣው ይወጣል ወይም የገመዱ ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ቢዞርም መንጠቆው የሚንቀሳቀሰው በግማሽ ብቻ ይሆናል።

የቁልፍ ማለቅ፦ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ቁልፍ ጥርሶቹ ይሟሽሻሉ። ቅጠሎቹን በሚገባው ልክ ስለማያንቀሳቅሳቸው አንዳንድ ጊዜ ይከፍታል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እምቢ ይላል።

የቅርጽ መበላሸት፦ ከአደጋ ወይም ከከባድ ጭነት በኋላ የመቀመጫው ግርጌ ይጣመማል። የብረት ግርጌ ሊዝግ፣ የፕላስቲክ ግርጌ ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ መያዣው ከመንጠቆው ጋር ትይዩ አይሆንም።

ችግሩን መለየት

የትኛው ክፍል እንደተጣበቀ ቁልፉ እጅ ላይ ከሚሰጠው ስሜት መረዳት ይቻላል።

ቁልፉ እስከ መጨረሻው አይገባም፦ ቀዳዳው ውስጥ ቆሻሻ፣ ባዕድ ነገር ወይም የተሰበረ ቁልፍ ቁራጭ አለ።

ቁልፉ ይገባል፣ ግን ጨርሶ አይዞርም፦ ቅጠሎቹ ተጣብቀዋል ወይም ቁልፉ አልቋል። ማስተላለፊያው አጭር ምላስ በሆነበት ዓይነት ደግሞ ጫና ያለበት መንጠቆም ቁልፉን ሊይዘው ይችላል።

ቁልፉ ይዞራል፣ የሞላው ግፊትም ይሰማል፣ መቀመጫው ግን አይነሳም፦ ሲሊንደሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ከመንጠቆው፣ ከጫናው ወይም ከላላ ገመድ ነው።

ቁልፉ ያለ ምንም ግፊት ላላ ብሎ ይዞራል፦ ገመዱ ተበጥሷል፣ ከቦታው ወጥቷል ወይም ከሲሊንደሩ ጀርባ ያለችው ምላስ ወልቃለች።

ቁልፉ ከዞረ በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም፦ የመመለሻው ሞላ ተሰብሯል ወይም መንጠቆው ደርቋል። በዚህ ሁኔታ መቀመጫው ከተከፈተ በኋላ በደንብ ላይዘጋ ይችላል።

አከፋፈት

ሥራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል ይሠራል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞና በመሃል መቆሚያው ላይ ቆሞ ቢሠራበት ይመረጣል።

1. ጫናውን ማንሳት፦ ከኋላ የታሰረው ዕቃ ይፈታል። አንድ ሰው በመዳፉ መቀመጫውን ከመንጠቆው ትክክል በላይ ወደ ታች ይጫናል፤ ሌላው በዚያው ቅጽበት ቁልፉን ያዞራል። ካልተከፈተ መቀመጫው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እየተገፋ ይደገማል። ብዙዎች በተቃራኒው መቀመጫውን ወደ ላይ እየጎተቱ ቁልፉን ያዞራሉ፤ ይህ ግን መንጠቆውን ይበልጥ ያናክሰዋል። ቁልፉ ሲዞር ሞላው የሚሰማ ከሆነ ይህ እርምጃ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

2. ሲሊንደሩን ማጽዳትና ማለስለስ፦ ቀዳዳው በመጀመሪያ በአየር ይነፋል። ቀጥሎ ዘልቆ የሚገባ ዘይት በቀጭን ቱቦ ይረጭና ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃል። ከዚያ ቁልፉ ሳይዞር ደጋግሞ ይገባል፣ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥርም በጨርቅ ይጠረጋል። ቁልፉ ገብቶ ሳለ የሲሊንደሩን ፊት በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ መምታት የተጣበቁ ቅጠሎችን ያላቅቃል። ካልሆነ እንደገና ተረጭቶ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ሌሊቱን እንዲያድር ይተዋል። ቁልፉን በፒንሳ ይዞ ማዞር አይመከርም፤ የፒንሳው እጀታ የእጅን ኃይል ስለሚያበዛ ቁልፉ ከአንገቱ ይጠመዘዛል።

3. ገመዱን በቀጥታ መሳብ፦ የጎን ክዳኖቹ ይፈታሉ፤ ከኋላ ጎማ በላይ በፓራፋንጎው በኩልም በባትሪ መብራት ይታያል። ገመዱ ከተገኘ የውስጠኛው ክር በፒንሳ ተይዞ በመንጠቆው አቅጣጫ በተቃራኒ ይሳባል፤ ረዳት ደግሞ መቀመጫውን ይጫናል። ገመዱ ከተበጠሰ ጫፉ በታጠፈ ጠንካራ ሽቦ የመንጠቆው ክንድ ይሳባል። ሽቦው የባትሪውን ሁለት ጫፎች ቢያገናኝ ብልጭታና ቃጠሎ ስለሚያስከትል ከጫፉ በስተቀር በናስትሮ መጠቅለል አለበት።

4. ከሥር መፍታት፦ በጎን በሚከፈቱ መቀመጫዎች የማጠፊያው ዘንግ ብዙ ጊዜ በኮፒሊያ የተያዘ ነው። ኮፒሊያው ወጥቶ ዘንጉ ሲነቀል መቀመጫው በማጠፊያው በኩል ሊነሳ ይችላል። በሌሎች ሞዴሎች የመንጠቆው ቤት ከሻንሲው ጋር በሁለት ቡሎኖች ስለሚታሰር ከፓራፋንጎው ሥር ሊፈታ ይችላል።

5. ሲሊንደሩን መሰርሰር፦ ይህ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ሲሊንደሩም ከዚያ በኋላ በአዲስ መተካት አለበት። ከመቀመጫው ሥር ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ መጠኑ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን የሚቀጣጠል ነው። የነዳጅ ትነትም በአቅራቢያው አለ። በተለይ የነዳጅ መሙያው ከመቀመጫው ሥር በሆነባቸው ስኩተሮች ድሪልም ሆነ የእሳት ነበልባል መጠቀም አደገኛ ነው። መሰርሰር ግድ ከሆነ ሥራው ነፋሻ ቦታ ላይ፣ ባትሪው ሞልቶ ብዙ ቆይቶና የነዳጁ መዝጊያ ተዘግቶ ይከናወናል።

የተሰበረ ቁልፍ

ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ከተሰበረ በመጀመሪያ የቀረው ቁራጭ የቱ አቅጣጫ እንደቆመ ይታያል። ቁልፉ ተዞሮ ሳለ ከተሰበረ ቁራጩ አይወጣም፤ እምብርቱ ቁልፉ መጀመሪያ ወደገባበት አቅጣጫ በቀጭን ካቻቢቴ መመለስ አለበት። ቀጥሎ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ ጥርሱ ወደ ውጭ በተመለከተ ቀጭን የብረት መጋዝ ምላጭ ቁራጩ ከጎኑ ተነክሶ ይሳባል። ማጣበቂያ ተጠቅሞ ሁለቱን ቁራጮች ለማገናኘት መሞከር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ማጣበቂያው ቅጠሎቹንም አብሮ ያጣብቃቸዋል። የወጣው ቁራጭ መጣል የለበትም፤ ከሌላው ግማሽ ጋር ተገጣጥሞ አዲስ ቁልፍ ለመቅረጽ ያገለግላል።

ከተከፈተ በኋላ

መቀመጫው አንዴ ከተከፈተ ጥገናው ሳያልቅ መዘጋት የለበትም። መንጠቆው በቤንዚን ሳይሆን በናፍጣ ወይም በማጽጃ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ደርቆም በቀጭን ግራሶ ይቀባል። የተሰበረ ሞላና ክሩ የተበጣጠሰ ገመድ ይቀየራል። የላላ ገመድ በማስተካከያው ዳዶ ይወጠራል፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ግን መንጠቆው በግማሽ ተከፍቶ ስለሚቀር መቀመጫው በጉዞ ላይ ሊነሳ ይችላል።

ባትሪውን ማላቀቅ ካስፈለገ በመጀመሪያ ከሻንሲው ጋር የተያያዘው ጫፍ ይፈታል፤ ሲመለስ ግን መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ይህ በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች አሉታዊው ጫፍ ነው። በብዙ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው አዎንታዊው ጫፍ ስለሆነ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ሙከራ መቀመጫው ክፍት ሳለ የሚደረገው ነው። መንጠቆው በካቻቢቴ ተጭኖ ልክ መቀመጫው እንደተዘጋ ሆኖ ይቆለፋል፤ ከዚያ በቁልፉ ይከፈታል። ይህ ዐሥር ጊዜ ያህል ሳያስቸግር ከሠራ ብቻ መቀመጫው ይዘጋል። ሙከራው የሚወስደው ደቂቃ ብቻ ነው፤ ካልተደረገ ግን መቀመጫው እንደገና ተቆልፎ ሥራው ከመጀመሪያው ሊጀመር ይችላል።

የቅባት ምርጫ

ለሲሊንደሩና ለመንጠቆው የሚስማማው ቅባት አንድ ዓይነት አይደለም። ወፍራም ግራሶ ለመንጠቆው ተስማሚ ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ትናንሾቹን ሞላዎችም ያዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ የተፈጠረው ደብሊው ዲ 40 በብዙ ጋራዦች ይገኛል። ስሙ «ውሃ ማስወገጃ፣ 40ኛ ሙከራ» ከሚል ሐረግ የመጣ ነው። እንደ ስሙ እርጥበትን ለማስወጣትና የተጣበቀውን ለማላቀቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ስለሚተን ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ቅባት ሆኖ አያገለግልም።

ደረቅ የግራፋይት ዱቄት አቧራ ስለማይስብ ለደረቅና ለንጹሕ ሲሊንደር ይመከራል። ዘይት ባለበት ሲሊንደር ላይ ከተጨመረ ግን ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ግራፋይት ከመጠቀም በፊት የቀድሞው ዘይት መታጠብ አለበት፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ በዚያው መቀጠል ይሻላል።

ቁልፍ ማስቀረጽ

ያለቀ ቁልፍን ወስዶ በማሽን ማስቀረጽ ማለቁንም ጭምር ይቀዳል። ቅጂው አዲስ ቢመስልም የጥርሶቹ ልክ የአሮጌው ነው። የተሻለው መንገድ ብዙ ያልተሠራበትን መለዋወጫ ቁልፍ ማስቀዳት ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች የቁልፉ ቁጥር በቁልፉ ራስ ወይም በሲሊንደሩ ቤት ላይ ስለሚታተም በዚያ ቁጥር በዋናው ልክ ማስቀረጽ ይቻላል። ቁጥርም ቅጂም ከሌለ ባለሙያ ሲሊንደሩን ፈትቶ ከቅጠሎቹ ልክ አዲስ ቁልፍ ሊሠራ ይችላል። በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ ወደ ቁልፍ ቀራጭ ሲኬድ የባለቤትነት ማረጋገጫውን ሊብሬ መያዝ ጥርጣሬን ያስወግዳል።

መከላከል

ሲሊንደሩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ቢጸዳና ቢለሰልስ መጣበቅ ይቀንሳል። ክዳን ላለው የቁልፍ ቀዳዳ ክዳኑ መኖሩ ይረጋገጣል። በላቫጆ ጊዜ ውሃው በቀጥታ ወደ ቀዳዳው እንዳይረጭ ይደረጋል። ከመቀመጫው ሥር ከሚይዘው በላይ ዕቃ አይጨመርም። ቁልፉ መንከስ እንደጀመረ መጠገን ጨርሶ እምቢ ካለ በኋላ ከመጠገን በጣም ይቀላል።

መለዋወጫው ቁልፍ ከዋናው ጋር በአንድ ቀለበት መያዝ የለበትም። የጎን ክዳኖቹን የሚፈታ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና መለዋወጫ ፊውዞችም ከመቀመጫው ሥር ብቻ ሳይሆን በኪስ ወይም በሌላ ቦርሳ ቢያዙ መቆለፊያው በተጣበቀ ጊዜ መሣሪያዎቹ በእጅ ይገኛሉ።